ኢንስፔክተሩ ላይ ያለህ ንዴት የማን ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወንድማችን የአበሻ ካምፓኒ ትራክ ይነዳል። ጭነት ይዞ ሲሄድ ስኬል (የጭነት መኪና መመዘኛና መፈተሻ ጣቢያ) ላይ ተጠርቶ ተፈተሸ። የትሬለሩ ሁለት ፍሬኖች ከልክ አልፈው ተገኙ። አንድ የጎን መብራትም አልበራም። መኪናው እዚያው እንዲቆም ተደረገ፤ ሎዱም ዘገየ። የካምፓኒው ባለቤት «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ ከክፍያው ቆረጠበት። እሱም እንዲህ ይላል፦ «ስምንቱ ፍሬን እየሠራ በሁለቱ ብቻ ለምን ያቆመኛል? ሰውዬው ፊቱን እንኳ አልፈታልኝም። ጓደኞቼ ‹እነዚህ ሰዎች እኛን አይወዱንም፤ ስኬሉን ዞረህ እለፍ› ይሉኛል። አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛዬ እንዳያስቆሙኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ሥራዬ የትንንሽ የትራክ ካምፓኒዎችን የደኅንነት ፋይል መያዝ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ የእኛው ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ራሴም ነድቻለሁ። ስለዚህ ንዴትህ ይገባኛል። ግን የተናደድክበት ሰው ትክክለኛው ሰው አይመስለኝም። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከፍሬኑ ጀምሬ ላስረዳህ።

ባለ አምስት አክስል ትራክና ትሬለር አሥር ፍሬን አለው። ኢንስፔክተሮቹ መኪና ይቆም ወይስ ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ሲቪኤስኤ የሚባለው ማኅበር በሚያወጣው መመዘኛ ነው። መመዘኛው በአሜሪካም በካናዳም በሜክሲኮም አንድ ነው። ከፍሬኖቹ 20 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ጉድለት ካለበት መኪናው አውት ኦፍ ሰርቪስ ይሆናል፤ እስኪጠገን መንቀሳቀስ አይችልም ማለት ነው። ከአሥር ሁለት ማለት 20 በመቶ ነው። አንድ የትሬለር ፍሬን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሪፖርቱ ላይ ጽፎ ይለቅህ ነበር። ሁለት ሲሆን ግን የእሱ ደግነት ወይም ክፋት የሚገባበት ቦታ የለም።

ደግሞም በግምት አልጻፈም፤ ለክቶ ነው። ታንኩ ውስጥ ያለው አየር በ90 እና በ100 ፒኤስአይ መካከል ሆኖ ፍሬን እንድትረግጥ አድርጎሃል። እሱ ከታች ገብቶ ፍሬኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ፑሽሮዱ፣ ስንት ኢንች እንደወጣ አየ። ታይፕ 30 ለሚባለው የተለመደ ቻምበር (ዘንጉን የሚገፋው የአየር ጣሳ) ገደቡ 2 ኢንች ነው፤ ዘንጉ ረጅም ርቀት ለሚሄድበት ዓይነት ደግሞ 2.5። ሪፖርትህን አውጥተህ ተመልከት፤ ልኬቱ ተጽፎ ልታገኘው ትችላለህ።

«ስምንቱ ይሠራል» የሚለው ነገር ጠፍጣፋ መንገድ ላይ እውነት ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ የማይዙትን ክብደት ስምንቱ ይሸከማሉ። ሲሸከሙ ይግላሉ። የፍሬኑ ድራም ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ፑሽሮዱ የበለጠ ርቀት መሄድ አለበት። እንደዚህ እያለ ደህና የነበረው ፍሬንም ከልክ ያልፋል። 80,000 ፓውንድ ይዘህ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ስትደርስ እግርህ ስር ምንም ላይኖር ይችላል። በ2019 ኮሎራዶ ውስጥ ኢንተርስቴት 70 ላይ ከተራራው ሲወርድ ፍሬን ያጣ ትራክ ዴንቨር አጠገብ የቆሙ መኪናዎች ላይ ወጥቶ 4 ሰው ገደለ። ሾፌሩ ወጣት ስደተኛ ነበር። 110 ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላ የስቴቱ ገዢ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። መሪውን የያዘው ሰው በሕግ ፊት የሚቆመው በስሙ እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

አሁን ወደ «ለምን እኔን?» እንምጣ። ይህን ጥያቄ ከአበሻ ሾፌሮች የማልሰማበት ሳምንት የለም።

ብዙ ስኬሎች ላይ ገና ስትቃረብ ካሜራ ታርጋህን ወይም በርህ ላይ ያለውን የዲኦቲ ቁጥር (የካምፓኒውን የፌዴራል መለያ) ያነባል። ሲስተሙ ለዚያ ቁጥር ከ1 እስከ 100 የሆነ ነጥብ አለው። እስከ 49 ከሆነ እለፍ ነው። ከ50 እስከ 74 ከሆነ እንደ ኢንስፔክተሩ ፍላጎት ነው። 75ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈትሸው ይላል። ነጥቡ የአንተ ሳይሆን የካምፓኒው ነው። ካንተ በፊት የነዱ ሰዎች ያመጡት የፍሬን፣ የጎማ፣ የሎግ (የመንዳትና የዕረፍት ሰዓት መዝገብ) ጥፋት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ካምፓኒው አዲስ ከሆነና በቂ መረጃ ከሌለውም ለፍተሻ መጠራቱ ይበዛል። የእኛ ሰዎች ካምፓኒዎች ብዙዎቹ አዲስና ትንንሽ ናቸው። ስለዚህ «አበሻ ስለሆንኩ ነው» ብለህ የምታስበው ብዙ ጊዜ «የዚህን ካምፓኒ ትራክ ስለምነዳ ነው» ማለት ነው።

አድልዎ የለም አልልህም። አለ። ስም አይቶ፣ ቀለም አይቶ፣ አነጋገር ሰምቶ ድምፁን የሚለውጥ ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ከሪፖርቱ ላይ የኢንስፔክተሩን ስምና መለያ ቁጥር፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይዘህ ለአለቃው በጽሑፍ ትከስሰዋለህ። ነገር ግን ያንተን ጉዳይ ሳነበው ያየሁት ፊቱን ያልፈታ ሰው በትክክል የለካውን ፍሬን ነው። ሁለቱን አትቀላቅላቸው፤ ከቀላቀልካቸው እውነተኛው አድልዎ ሲያጋጥምህ የሚሰማህ ታጣለህ።

ስኬል ዞሮ ማለፍን በተመለከተ ጓደኞችህን አትስማቸው። ስኬሉ ክፍት ከሆነና ሳትገባ እለፍ የሚለው የፕሪፓስ ወይም የድራይቭዋይዝ መሣሪያ አረንጓዴ ካልመጣልህ ግባ። መዞሪያ መንገዶቹን ፖሊሶቹ ካንተ በላይ ያውቋቸዋል። ዞረህ ስትያዝ ደግሞ ሰውዬው ሥራውን የሚጀምረው ምን ደበቀ ብሎ ነው። በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ለ72 ሰዓት የሚደረገውን ሮድቼክ ብለው የሚጠሩትን ዘመቻ ፈርተው ሦስት ቀን ትራካቸውን የሚያቆሙም አሉ። ይህ ዘመቻ ከ1988 ጀምሮ ያለ ነው፤ ቀኑም ቀደም ብሎ ይነገራል። በእነዚያ ቀናት ለመውጣት የማይደፍር ትራክ በሌሎቹም ቀናት ቤተሰብ የጫኑ መኪናዎች አጠገብ መሄድ የለበትም። ይህን ለደንበኞቼም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ከአገር ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው አንዳንድ ልማዶች እዚህ እንደሚጎዱንም ልንገርህ። እዚያ ትራፊክ ሲያስቆምህ መንጃ ፍቃድና ሊብሬህን ይዘህ ከካቢና ወርደህ ወደ እሱ መሄድ አክብሮት ነው። እዚህ ሳይነግሩህ ከወረድክ የፖሊሱ እጅ ወደ ሽጉጡ ይሄዳል። ሞተር አጥፋ፣ መስኮት አውርድ፣ እጆችህ መሪው ላይ ይታዩ፣ ቁጭ በል። እዚያ «በናትህ፣ ልጆች አሉኝ» ማለት አንዳንዴ ይሠራል። እዚህ ልመናው ራሱ ጥርጣሬ ያመጣል። ገንዘብ ማንሳትማ በጭራሽ አይታሰብ፤ ለቀልድ እንኳ አትበለው። እስራት ያለበት ወንጀል ነው። አንገት ደፍቶ መናገርም እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ እሱ ግን እየደበቀኝ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ከሁሉ የሚጎዳን ግን ሳይገባን «የስ» ማለት ነው። ሰውዬው «መጨረሻ ያረፍከው መቼ ነው?» ይላል፤ ሾፌራችን «የስ» ይላል። «ከስምንት ሰዓት በላይ ሳታርፍ ነድተሃል?» ይላል፤ አሁንም «የስ»። አንዱ እንዳልገባህ ያሳያል፤ ሌላው ጥፋት ማመን ነው። ካልገባህ እንዲደግምልህና ቀስ ብሎ እንዲናገር ጠይቀው። መጠየቅ ነውር አይደለም።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛውን ስጋት ላንሳ፤ ምክንያቱም ስጋትህ ከንቱ አይደለም። የንግድ መኪና የሚነዳ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር አለበት የሚለው ደንብ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር አፈጻጸሙ ነው። በኤፕሪል 2025 መጨረሻ ፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ፈረሙ። በሜይ 20 የፌዴራሉ የትራክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤፍኤምሲኤስኤ ለኢንስፔክተሮች አዲስ መመሪያ አወጣ። ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛ አለመቻል ሾፌሩን አውት ኦፍ ሰርቪስ የሚያደርግ ጉድለት ሆነ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ተጽፎ ያልፍ ነበር።

በመመሪያው መሠረት ፈተናው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያናግርሃል። እዚህ ላይ አስተርጓሚ፣ የስልክ ትርጉም፣ የተጻፈ ካርድ አይፈቀድም። ያልቻልክ ከመሰለው ወደ መንገድ ምልክቶች ይሄዳል፤ በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎችም ይጨምራል። አነጋገርህ አበሻ አበሻ ማለቱ ጥፋት አይደለም። የሚፈለገው ከሕዝብ ጋር መነጋገር፣ ምልክት መረዳት፣ ለባለሥልጣን ጥያቄ መመለስና ሪፖርት መሙላት መቻል ነው። ስለዚህ አጠቃላይ እንግሊዝኛ ከማጥናትህ በፊት የሚጠየቁትን ጥያቄዎች ለማንም ሰው ጮክ ብለህ መልስ። ከየት ተነሳህ? ወዴት ትሄዳለህ? ምን ጭነሃል? ስንት ሰዓት ነዳህ? የሕክምና ካርድህ የት ነው? የትሬለሩ የዓመት ኢንስፔክሽን መቼ ተሠራ? ሚስትህን ወይም ልጅህን ኢንስፔክተር አድርገህ ማታ ማታ ተለማመድ። ልጆቻችን በዚህ ጎበዞች ናቸው። እኔ በጣም ደፋር ሾፌሮች በእነዚህ ቀላል ጥያቄዎች ሲንቀጠቀጡ፣ ከተለማመዱ በኋላ ደግሞ ሳቅ ብለው ሲመልሱ አይቻለሁ።

ወረቀቱንም አብረህ አዘጋጅ። ሬጅስትሬሽን፣ ኢንሹራንስ፣ የዓመት ኢንስፔክሽን፣ የጭነት ወረቀት በአንድ ፎልደር ይሁን፤ ክሩስኮት ላይ ተበትኖ አትፈልገው። የኢኤልዲ (ሎጉን የሚመዘግበው መሣሪያ) መመሪያ ወረቀቶችና ቢያንስ ለስምንት ቀን የሚሆን ባዶ ሎግ ካቢናው ውስጥ መኖር አለበት። ሎጉን ለኢንስፔክተሩ እንዴት እንደምትልክ ዛሬ ቤትህ ደጃፍ ቆመህ ሞክረው። ብዙ ሾፌር የሚደናገረው ሎጉ ተበላሽቶ ሳይሆን የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ስለማያውቅ ነው። የ11 ሰዓት መንዳትና የ14 ሰዓት ገደቡን ታውቃለህ ብዬ ልለፈው።

ሰዎች የማያውቁት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ንጹሕ የወጣ ፍተሻም ይመዘገባል፤ የካምፓኒውንም ነጥብ ያሻሽላል። ኢንስፔክተሩ አይቶ «ደህና ነህ፣ ሂድ» ካለህ ሪፖርት እንዲጽፍልህ በትሕትና ጠይቅ። ሌቭል 1 የሚባለው ባለ 37 ደረጃው ሙሉ ፍተሻ ላይ ዋና ዋና ክፍሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ደግሞ ስቲከር ይለጠፍልሃል። ስቲከሩ እስከ ሦስት ወር ይሠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መልሰው መፈተሽ ቢችሉም አብዛኛውን ጊዜ ያልፉሃል።

መጥፎውም እንዲሁ ይቆያል። ካምፓኒው ላይ 24 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሦስት ይባዛል፣ እስከ ዓመት ድረስ በሁለት፣ ከዚያ በኋላ በአንድ። አንተ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ቀጣሪው ፈቃድህን ይዞ ፒኤስፒ የሚባለውን መዝገብህን ያወጣል። እዚያ የሦስት ዓመት ፍተሻና የአምስት ዓመት አደጋ ይታያል። ትኬት ባይሰጥህም ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ይገባል። «ዋርኒንግ ብቻ ነው የሰጠኝ» ብሎ ሪፖርቱን ወንበር ስር መጣል ትልቅ ስህተት ነው።

አሁን ንዴቱ መሄድ ወዳለበት ቦታ እንድረስ።

የትሬለር ፍሬን በአንድ ቀን ከልክ አያልፍም። ዛሬ ትሬለሮቹ ላይ ያለው ስላክ አጀስተር (ፑሽሮዱን ከፍሬኑ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ነው። እሱ እያለ ፍሬኑ ከልክ ካለፈ አንድ ነገር ተበልቷል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው። ሸራው ሊሆን ይችላል፣ ቡሺንጉ ሊሆን ይችላል፣ ራሱ አጀስተሩ ሊሆን ይችላል። በመፍቻ አጥብቆ መላክ ችግሩን ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። አንዳንድ ባለቤቶች ይህን እያወቁ መካኒክ ከመጥራት ሾፌሩን «አጥብቀውና ሂድ» ይላሉ። ከዚያ መኪናው ሲቆም ከሾፌሩ ይቆርጣሉ። ሾፌሩም ስሙን የማያውቀውን ኢንስፔክተር እየረገመ ለባለቤቱ ግን «እሺ ጋሼ» ይላል። ምክንያቱም ባለቤቱ የአገሩ ሰው ነው፤ ሥራ ሰጥቶታል፤ ምናልባትም ቤተ ክርስቲያን አብረው ይቆማሉ። ይህን እረዳለሁ። ግን ባልተጠገነ ትሬለር ቁልቁለት የላከህ ማን እንደሆነ አስብ።

አንተም ነጻ አይደለህም፤ እውነቱን ልንገርህ። ደንቡ ሾፌር ከመነሳቱ በፊት መኪናው ደህና መሆኑን ራሱ አይቶ እንዲረካ ይጠይቃል። ጎማውን በካልቾ መትቶ መሄድ ፕሪትሪፕ (ከመነሳት በፊት የሚደረግ ፍተሻ) አይደለም። ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ታኮ አድርገህ፣ የትሬለሩን ፍሬን ለቀህ፣ ስላክ አጀስተሩን በእጅህ በኃይል ሳበው። ከአንድ ኢንች አካባቢ በላይ ከተንቀሳቀሰ መካኒክ ይየው። የመሪ ጎማ ጥርሱ ከ4/32 ኢንች፣ ሌሎቹ ከ2/32 ማነስ የለባቸውም። ፍሬቻ፣ ስቶፕ፣ የጎን መብራት ለማየት መኪናውን አንዴ መዞር ይበቃል። ያ የጎን መብራት ያንተ ጉዳይ ነበር።

ጉድለት ስታገኝ ግን በስልክ ነግረህ አትተወው። በቀኑ መጨረሻ የምትሞላው የመኪና ሁኔታ ሪፖርት ላይ ጻፈው፤ ፎቶም አንሳ። ከተጻፈ በኋላ ካምፓኒው መጠገኑን ወይም መጠገን እንደማያስፈልግ ፈርሞ ሳያረጋግጥ መኪናውን መላክ አይችልም። በጽሑፍ የሌለ ነገር ግን ነገ «አልነገረኝም» ይባልበታል።

ሳይጠገን ሂድ ቢልህስ? ይህንን የሚከለክሉ ሁለት ሕጎች አሉ። ሾፌርን ደንብ እንዲጥስ ማስገደድን የሚከለክለው ደንብ ከ2016 ጀምሮ ይሠራል። በ90 ቀን ውስጥ ለኤፍኤምሲኤስኤ ማመልከት ትችላለህ። ሌላው ከ1982 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። አደገኛ መኪና አልነዳም በማለቱ የተባረረ ወይም የተቀጣ ሾፌር በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ (የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ይከሳል። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልህ ሰው) በቴክስት የላከልህን ሁሉ አትደምስስ። ቃል ብቻ ከሆነ ራስህ በቴክስት ድገመው፦ «ፍሬኑ ከልክ አልፏል ብዬህ ሂድ ብለኸኛል፤ ልክ ነኝ?» ብለህ ላክ። ከዚህ በኋላ የብዙ ባለቤቶች ድምፅ ይለወጣል።

የቆመ መኪናን ሳይጠገን ማንቀሳቀስ ግን ማንም ይዘዝህ አታድርገው። ተፈርዶብህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሲዲኤልህ (የንግድ መንጃ ፈቃድህ) ከ180 ቀን እስከ አንድ ዓመት ይታገዳል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከደገምክ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። የባለቤቱ ሎድ ያንን አይከፍልህም።

አሁን ያንተን ወረቀት እንመልከት። ሪፖርቱን ለካምፓኒው ሰጥተሃል? መስጠት ግዴታህ ነው። ካምፓኒው ደግሞ ጉድለቱ መጠገኑን ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን ላወጣው መሥሪያ ቤት መመለስ አለበት። ኮፒውን ካንተ ጋር አስቀር። ከክፍያህ የተቆረጠው ላይ፣ ደመወዝተኛ ከሆንክ፣ በጽሑፍ ያልተስማማህበትን እንዲህ ያለ ቅነሳ ብዙ ስቴቶች አይፈቅዱም። የስቴትህን የሠራተኛ ቢሮ ጠይቅ። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆን በግልህ፣ የምትሠራ ከሆነ ግን የፈረምከውን ውል ይዘህ ጠበቃ አማክር።

ፍሬኖቹን በተመለከተ ዳታኪውስ በሚባለው የፌዴራል ድረ ገጽ አትከራከር። ልኬት አለ፤ ትሸነፋለህ። ዳታኪውስ የሚጠቅመው የተሳሳተ ነገር ሲጻፍ ነው። ትኬት ተሰጥቶህ ፍርድ ቤት ውድቅ ካደረገው የፍርዱን ወረቀት አያይዘህ ከመዝገብ ማስወጣት ትችላለህ። አሁን ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። ሪፖርቱ ላይ ያለው የትሬለር ቁጥርና የካምፓኒው የዲኦቲ ቁጥር በዚያ ቀን ከጎተትከው ጋር አንድ ነው? ትሬለሩ ተከራይቶ ወይም ተለዋውጦ ከሆነ እዚህ ላይ ስህተት ይፈጠራል። ካልገጠመ የጭነት ወረቀቱንና የትሬለሩን ሬጅስትሬሽን አያይዘህ አመልክት። ከገጠመ ደግሞ ትሬለሩ ከመውጣቱ በፊት የጥገናውን ደረሰኝ አሳዩኝ ብለህ ባለቤቱን በቴክስት ጠይቅ።